የ70 ፊደል መልእክት፦ የቴሌኮሙኒኬሽን ደረጃ አውጪ ማኅበራትና የእኛ ፊደል

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ መንገደኛ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ሲያልፍ በተንቀሳቃሽ ስልክ የጀመረውን ንግግር ሳያቋርጥ ሊጓዝ ይችላል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ስትሆን፥ ኮምቦልቻ በ1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገደኛው አይታወቀውም እንጂ በዚህ ጊዜ ውስጥ ስልኩ በዙሪያው ካሉት የአንቴና ምሰሶዎች የሚደርሰውን የሬዲዮ ኃይል እየለካ ለመረቡ ያሳውቃል፤ መረቡም የአንዱ ምሰሶ ኃይል ሲደክምና የሌላው ሲበረታ ንግግሩን ከአንዱ ወደ ሌላው ያሸጋግረዋል።

ስልኩ በአንድ ኩባንያ፥ በውስጡ ያለው ሲም ካርድ በሌላ ኩባንያ፥ በምሰሶው ላይ የተተከለው መሣሪያ ደግሞ በሦስተኛ ኩባንያ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2013 የመረብ ማስፋፊያ ውል የተፈራረመው ዜድ ቲ ኢ እና ሁዋዌ ከተባሉ ሁለት የቻይና ኩባንያዎች ጋር እንደነበረ ይታወሳል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እነዚህ ልዩ ልዩ መሣሪያዎች እርስ በርስ የሚግባቡት አስቀድሞ በተጻፈና ሁሉም በተቀበሉት ደንብ መሠረት ስለተሠሩ ነው። ይህ ደንብ ደረጃ ይባላል። በገበያ ላይ እህል የሚሸጠው ሁሉ የየራሱን ቁና ይዞ ቢመጣ ምን ዓይነት ሁከት እንደሚፈጠር ለማንም ግልጽ ነው፤ ደረጃም ለመሣሪያዎች የጋራ ቁና ነው።

ይህ ጉዳይ መሐንዲሶችን እንጂ መምህራንን አይመለከትም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንዲሁ ያስብ ነበር። ሐሳቡን ያስለወጠችው አንዲት እናት ናት።

እጩ መምህራንን በልምምድ ላይ ለመጎብኘት ስሙን መጥቀስ ወደማያስፈልግ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት በሄድኩበት ቀን፥ አንዲት እናት ስልካቸውን በእጃቸው ይዘው እያለከለኩ ገቡ። «መምህር፥ ማንን ነው የመታብኝ? የተመታው ልጅ ደኅና ነው?» አሉ። ነገሩ ሲጣራ ልጃቸው ለሦስት ቀናት ቀርቶ ስለነበር ትምህርት ቤቱ «ልጅዎ ዛሬ ትምህርት ቤት መጥቷል» የሚል የጽሑፍ መልእክት ልኮላቸው ነበር። መልእክቱ አማርኛ ይሁን እንጂ የተጻፈው በላቲን ፊደል ነው። በላቲን ፊደል «መጥቷል» እና «መትቷል» አንድ ዓይነት ሆነው ይጻፋሉ፤ «ጠ» እና «ተ» የሚለዩበት ምልክት የለምና። መልእክቱን ያነበበላቸው የጎረቤት ልጅ «መትቷል» ብሎ አነበበው። «ኧረ እናቴ፥ መጥቷል ማለታችን ነው!» ሲባሉ በቢሮው የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እርሳቸው ግን አልሳቁም፤ የገበያ ሥራቸውን ጥለው ነበር የመጡት።

ትምህርት ቤቱ ለምን በራሳችን ፊደል እንደማይጽፍ ጠየቅሁ። «በአማርኛ ፊደል ሲጻፍ ቶሎ ይሞላል፤ ሒሳቡም እጥፍ ይመጣል» የሚል መልስ ተሰጠኝ። ይህ አባባል እውነት መሆኑንና አለመሆኑን ለማጣራት ስነሣ ነው ደረጃ አውጪዎቹ እነማን እንደሆኑ መመርመር የጀመርኩት። አባባሉ ግማሽ እውነት ሆኖ አገኘሁት።

ደረጃ የሚወጣባቸው ቦታዎች

የዚህ ሥራ ጥንተ ነገር ቴሌግራፍ ነው። በአውሮፓ የአንዱ አገር የቴሌግራፍ መስመር በድንበር ላይ ያበቃ ስለነበር፥ መልእክቱ በወረቀት ተጽፎ ወደ ጎረቤት አገር ጣቢያ እየተላለፈ እንደገና ይመታ ነበር። ይህን ችግር ለማስወገድ በ1865 በፓሪስ 20 መንግሥታት ተስማምተው ዓለም አቀፉን የቴሌግራፍ ኅብረት መሠረቱ። ኅብረቱ በ1932 በማድሪድ በተደረገው ስምምነት ዓለም አቀፍ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ተብሎ ተሰየመ፤ ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት ልዩ ድርጅት ሲሆን ከ190 በላይ መንግሥታት አባሎቹ ናቸው። በአገራችን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1894 የተጀመረው ከሐረር አዲስ አበባ የተዘረጋው 477 ኪሎ ሜትር መስመር ለቴሌኮሙኒኬሽን ታሪካችን መነሻ ሲሆን፥ ኢትዮጵያ የኅብረቱ አባል የሆነችው በ1932 ነው። ከውጭ አገር ወደ ደሴ ለመደወል የሚያስፈልገው የአገር መለያ 251 ኅብረቱ ባወጣው የቁጥር ሥርዓት የተመደበ ነው። ሲም ካርዳችን ከየት አገር እንደሆነ ለመረቦች የሚያሳውቀው 636 የተባለው ቁጥርም እንዲሁ ነው።

በኅብረቱ ውስጥ ድምፅ ያላቸው መንግሥታት ናቸው። የተንቀሳቃሽ ስልክ ደረጃ ግን በአብዛኛው የተጻፈው በሌላ ዓይነት ጉባኤ ነው። በ1982 የአውሮፓ የፖስታና የቴሌኮሙኒኬሽን አስተዳደሮች ጉባኤ ለአውሮፓ አንድ የጋራ ተንቀሳቃሽ ስልክ የሚያጠና ልዩ ቡድን አቋቋመ፤ «ጂ ኤስ ኤም» የሚለው ስም የተወረሰው ከዚህ ቡድን የፈረንሳይኛ ስም ነው። በ1987 የ13 አገሮች ድርጅቶች ሥርዓቱን በሥራ ላይ ለማዋል በኮፐንሃገን ተፈራረሙ። በ1988 የአውሮፓ የቴሌኮሙኒኬሽን ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ተመሠረተና በተከታዩ ዓመት ሥራውን ተረከበ። የመጀመሪያው የጂ ኤስ ኤም ጥሪ በ1991 በፊንላንድ ተደረገ፤ ወደ እኛ አገር ተንቀሳቃሽ ስልክ የገባው በ1999 ነው።

በ1998 መጨረሻ ላይ ሥራው ከአውሮፓ ወሰን አልፎ የሦስተኛው ትውልድ የሽርክና ፕሮጀክት፥ በምሕጻር ስሪ ጂ ፒ ፒ፥ ለተባለው ኅብረት ተሰጠ። ሦስተኛውን፥ አራተኛውንና አምስተኛውን ትውልድ የጻፈው ይኸው ነው። ኅብረቱ ሰባት ድርጅታዊ ሸሪኮች አሉት፤ ሁለቱ ከጃፓን፥ የቀሩት አንድ አንድ ከአውሮፓ፥ ከአሜሪካ፥ ከቻይና፥ ከኮሪያና ከሕንድ ናቸው። ከአፍሪካ አንድም የለም። አንድ ኩባንያ በቀጥታ አባል ሊሆን አይችልም፤ ከሰባቱ በአንዱ በኩል መግባት አለበት። አባሎች ሐሳባቸውን በጽሑፍ ያቀርባሉ፤ በሥራ ቡድኖች ይከራከሩበታል፤ በተቻለ መጠን ድምፅ ከመስጠት ይልቅ በመግባባት ይወስናሉ። ይህ በጎ ሥርዓት ነው፤ ሆኖም በስብሰባው ላይ ያልተገኘና ጽሑፍ ያላቀረበ ሰው ችግር ማንም ሳይጠላው እንዲያው ይረሳል። ትላልቆቹ ኩባንያዎች መሐንዲሶቻቸውን በየስብሰባው የሚልኩት ለሰው ልጅ ጥቅም በማሰብ ብቻ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። በደረጃው ውስጥ የገባ የፈጠራ ባለቤትነት ለብዙ ዓመታት ገቢ ያስገኛልና።

ከዚህ ሌላ የጂ ኤስ ኤም ማኅበር የሚባለው የስልክ አገልግሎት ሰጪዎች ማኅበር አለ። ብዙ ጊዜ ከደረጃ አውጪዎቹ ጋር ይምታታል። ዋና ሥራው የአባሎቹን ጥቅም ማስከበርና የአሠራር መመሪያ ማዘጋጀት ሲሆን፥ ለእያንዳንዱ የስልክ ዓይነት የሚሰጠው መለያ ቁጥር የሚመደበው በእርሱ ሥር ነው።

160 እና 70

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ ጥያቄ እንመለስ። አጭር መልእክት የሚጓዘው ንግግር በሚተላለፍበት መንገድ ሳይሆን መረቡ ጥሪን ለማደራጀት በሚጠቀምበት የምልክት መስመር ነው። በዚህ መስመር ለአንድ መልእክት የሚተርፈው ቦታ 140 ባይት፥ ማለትም 1,120 ቢት ነው። ስለዚህ ጥያቄው የሚሆነው ለአንድ ፊደል ስንት ቢት ይበቃል የሚል ነው። ለላቲን ፊደል 7 ቢት ተሰጠ፤ በ7 ቢት 128 ልዩ ልዩ ምልክቶችን መለየት ይቻላልና። 1,120 ለ7 ሲካፈል 160 ይሆናል። ፍሪድሄልም ሂለብራንድ የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ በ1985 በቦን የተለመዱ ዓረፍተ ነገሮችን በመኪና እየጻፈ ቆጥሮ 160 ለአንድ ሐሳብ እንደሚበቃ ማረጋገጡ ተዘግቧል። የቆጠረው በአውሮፓ ቋንቋ ነው፤ አማርኛን የቆጠረለት አልነበረም። በዚያው ዓመት ወሎ በድርቅና በረኃብ ውስጥ ስለነበረ፥ ከእኛ ወገን ለምን ሰው አልተገኘም ብሎ መጠየቅ ተገቢ አይሆንም።

የእኛ ፊደል 33 ሆሄያት በሰባት ሰባት ቤት ሲባዙ 231 ይሆናል፤ ዲቃላዎቹን ሳንጨምር ማለት ነው። ይህ በ128 ቦታ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ደረጃው ከላቲንና ከጥቂት የግሪክ ፊደላት ውጭ ለሆኑት ሁሉ ለአንድ ፊደል 16 ቢት መድቧል። 1,120 ለ16 ሲካፈል 70 ይሆናል። ይህም ማለት በፊደላችን የተጻፈ መልእክት 70 ምልክት ብቻ ይይዛል። ከዚያ ካለፈ በሁለት መልእክት ይከፈልና ክፍሎቹን መልሶ ለማያያዝ የሚያስፈልገው ማስታወሻ ቦታ ስለሚወስድ፥ እያንዳንዱ ክፍል 67 ብቻ ይይዛል። ሒሳብም በተለምዶ የሚታሰበው በክፍሎቹ ብዛት ነው።

አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በላቲን በተጻፈ ረዥም መልእክት ውስጥ አንዲት የግዕዝ ፊደል ብትገባ መልእክቱ በሙሉ ወደ 16 ቢት ይለወጣል። ለጨዋነት ያህል መጨረሻ ላይ አራት ነጥብ የሚያኖር ርእሰ መምህር ሳያውቀው መልእክቱን ሁለትና ሦስት ያደርገዋል። በከሚሴ በኩል በኦሮምኛ በቁቤ የሚጽፉ ባልደረቦቻችን ግን 160ው ሙሉ በሙሉ የእነርሱ ነው።

እስከዚህ ድረስ ትምህርት ቤቱ የተናገረው ትክክል ነው። ነገር ግን 70ን ከ160 ጋር በቀጥታ ማወዳደር ስሕተት ነው። ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ቅርጽ ይይዛል፤ «ኮምቦልቻ» አምስት ፊደል ሲሆን በላቲን ዘጠኝ ነው። ስለዚህ አንድ ማስታወቂያ ወስጄ ቆጠርሁ፦ «ነገ ዓርብ የወላጆች ስብሰባ በ3 ሰዓት ይካሄዳል። ልጅዎን ይዘው ይምጡ።» ይህ ክፍተቱና ነጥቡ ጭምር 45 ምልክት ነው። ያንኑ በተለመደው አኳኋን በላቲን ስጽፈው 67 ሆነ። በዚህ ንጽጽር 160 የላቲን ፊደል የሚይዘው 107 ያህል የእኛን ፊደል ነው። እንግዲህ የሚጎድለን ከሦስት እጅ አንድ እጅ ያህል ነው እንጂ ሰው እንደሚያስበው ከግማሽ በላይ አይደለም። አብዛኛው የትምህርት ቤት ማስታወቂያ እንዲህ አጭር ስለሆነ በአንድ መልእክት ይጠቃለላል፤ ለእነዚያም ሒሳቡ በሁለቱም ፊደል አንድ ነው። የእናቲቱ ድንጋጤ ምንም ገንዘብ አላተረፈም።

የቀረው አንድ ሦስተኛ ጉድለት ቢሆን ሊጠብ የሚችል ነው። የቱርክ ፊደል ከላቲን ጥቂት ብቻ ቢለይም እነዚያው ጥቂት ፊደላት መልእክቱን ወደ 70 ያወርዱት ነበር። በ2008 በወጣው የደረጃው ስምንተኛ እትም ለቱርክ ቋንቋ የተለየ የ7 ቢት ሰንጠረዥ ተጨመረ፤ በተከታዩ እትም ለሂንዲ፥ ለቤንጋሊ፥ ለታሚልና ለሌሎች የሕንድ ክፍለ አህጉር ቋንቋዎች እንዲሁ ተደረገ። ለእኛስ? ሁለት ሰንጠረዦች ተጣምረው ቢሠሩ 231ዱ ፊደላት ይገባሉ። ሰንጠረዦቹን ለማስታወቅ ከ140ው ባይት 7ቱ ሲነሡ የሚቀረው 152 ቦታ ነው። ከሚጻፉት ፊደላት ግማሾቹ ከሁለተኛው ሰንጠረዥ ቢመጡና እያንዳንዳቸው ሁለት ቦታ ቢፈጁ፥ መልእክቱ ወደ 100 ፊደል ይይዛል፤ ይኸውም ከላይ ካገኘነው 107 ብዙ አይርቅም። ይህ በወረቀት ላይ የተሠራ ሒሳብ ነው፤ በደረጃ መጻፍም በየስልኩ ውስጥ ተገኘ ማለት አይደለም። ነገሩ ግን የማይቻል አይደለም።

ፊደላችን ቁጥር ያገኘበት

አንባቢ ከላይ የተባለው 16 ቢት ከየት እንደመጣ ሊጠይቅ ይችላል። የመጣው ዩኒኮድ ከተባለው ማኅበር ነው። ይህ በ1991 የተመሠረተና በአብዛኛው የኮምፒዩተር ኩባንያዎች የተባበሩበት ማኅበር ለዓለም ፊደላት ሁሉ ለእያንዳንዳቸው አንድ ቋሚ ቁጥር ይሰጣል። የግዕዝ ፊደል የገባው በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትም ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የራሱ ቁጥር ነበረው። በአንዱ የተጻፈ ፈተና በሌላው ሲከፈት የማይነበብ የምልክት ክምር ይሆን ነበር። እኔም በወጣትነቴ አንድ የፈተና ወረቀት ከሕትመት ቤት እንዲህ ሆኖ ተመልሶልኝ ሌሊቱን ሙሉ እንደገና ስጽፍ አድሬያለሁ።

የዩኒኮድ በር ለጠየቀ ክፍት እንደሆነ የሚያሳይ ምሳሌ በ2021 የተጨመሩት ለጉራጌ ቋንቋዎች አጻጻፍ የሚያስፈልጉ ፊደላት ናቸው። የጎደለውን ለይቶ፥ ማስረጃ አያይዞ፥ በጽሑፍ ያመለከተ ሰው ስለነበረ ተጨመሩ።

ለሒሳብና ለአማርኛ መምህራን በአንድነት የሚጠቅመው ግን የቁጥሮቹ አደራደር ነው። «ሀ» 4608 ነው። ከእርሱ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ቤት ስምንት ቦታ ተሰጥቷል፤ ሰባቱ ለሰባቱ ፊደላት፥ ስምንተኛው እንደ «ሏ» ላለ ዲቃላ። «ለ» 4616፥ «ሐ» 4624፥ «መ» 4632 ይሆናሉ። እንግዲህ ከማንኛውም ፊደል ቁጥር ላይ 4608 ተቀንሶ የቀረው ለ8 ሲካፈል፥ ቀሪው ፊደሉ ስንተኛ እንደሆነ ይነግራል፦ ቀሪው 0 ከሆነ ግዕዝ፥ 1 ካዕብ፥ 2 ሣልስ፥ 3 ራብዕ፥ 4 ኃምስ፥ 5 ሳድስ፥ 6 ሳብዕ። «ደሴ» ሁለት ቁጥር ነው፤ 4848 እና 4660። ከመጀመሪያው 4608 ሲቀነስ 240 ይቀራል፤ ለ8 ሲካፈል ቀሪ የለውም፤ «ደ» ግዕዝ ነው። ከሁለተኛው 52 ይቀራል፤ ለ8 ሲካፈል ድርሻው 6፥ ቀሪው 4 ነው፤ «ሴ» ኃምስ ነው። ድርሻው 6 ደግሞ ከሀ ቤት በኋላ ስድስተኛው ቤት መሆኑን ያሳያል፤ ለ፥ ሐ፥ መ፥ ሠ፥ ረ፥ ሰ ብሎ መቁጠር ነው። «ኮምቦልቻ» 4782፥ 4637፥ 4710፥ 4621፥ 4731 ነው፤ ይህን ተማሪዎች ራሳቸው እንዲፈቱት ተሰጥቷቸው ሲሠሩት አይቻለሁ። ኮምፒዩተር በሌለበት ክፍል በሰሌዳና በጠመኔ የሚሠራ መልመጃ ስለሆነ፥ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂን ትምህርት ያለ መሣሪያ ለማስተማር ለሚቸገሩ መምህራን ደስ እያለኝ አቀርበዋለሁ።

ለዕቅድ አውጪዎች የምለው ያነሰ ደስታ ያለው ነው። ዛሬ በደሴ ከተማ ብዙ መምህራን ከወላጆች ጋር በቴሌግራም ስለሚገናኙ የ70 ፊደል ወሰን አይነካቸውም። በቃሉ፥ በተሁለደሬና በኩታበር ገጠር ያሉ ብዙ ወላጆች የያዙት ግን ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ፊደላችንን ጨርሶ አያሳዩም፤ በፊደሉ ቦታ ባዶ አራት ማዕዘን ይደረድራሉ። ዩኒኮድ ቁጥሩን ይሰጣል እንጂ ቅርጹን በስልኩ ውስጥ የሚያኖረው አምራቹ ነው። በ2019 በወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የቴሌኮሙኒኬሽን መሣሪያዎችን ዓይነት መርምሮ የማጽደቅ ሥልጣን አለው። የአገሪቱን ፊደል ማሳየት ከመመዘኛዎቹ አንዱ እንዲሆን ሐሳብ ማቅረብ የትምህርቱ ዘርፍ ድርሻ ነው፤ ጉዳቱን የምናየው እኛ ነንና። በኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲም የሰንጠረዡን ጥናት ለመመረቂያ ጽሑፍ ቢሰጥ፥ ቢያንስ አንድ ሰው አማርኛን ቆጥሮ በእጃችን የሚገኝ ሰነድ ያዘጋጃል።

ከላይ የተጠቀሰው ትምህርት ቤት ከዚያ ወዲህ መልእክቱን በራሳችን ፊደል መላክ ጀምሯል። ተማሪ ሲመዘገብ የወላጁ ስልክ ፊደል ያሳይ እንደሆነ በመዝገቡ ላይ ይጠየቃል። የማያሳይ ስልክ ላላቸው ማስታወቂያው በወረቀት ተጽፎ በልጁ እጅ ይላካል።